ጋዝ ወይስ ዘይት? የተላቀቀ ሬቲና ሕክምናና የደሴ መንገድ

ጥያቄ፦ «አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ኑሯቸው ደሴ ነው። ቀኝ ዓይናቸው ከሁለት ዓመት በፊት የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሌንስ ገብቶለታል። ከስድስት ቀን በፊት በዚሁ ዓይን መብረቅ የመሰለ ብልጭታና እንደ ጥላሸት የሚበተን ነገር ታያቸው። ከሦስት ቀን ወዲህ ደግሞ ከታች፣ በአፍንጫ በኩል፣ ጥቁር ነገር እየወጣ ይሸፍናቸዋል። ትናንት አዲስ አበባ የመረመራቸው ሐኪም ሬቲናው እንደ ተላቀቀ፣ ከላይ በጆሮ ግንድ በኩል አንድ ቀዳዳ እንዳለና ቪትሬክቶሚ የሚባል ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ነገረን። ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ወይም የሲሊኮን ዘይት ይገባል ተብለናል። የትኛው ይሻላል? ከጋዝ በኋላ አውሮፕላን እንደማይፈቀድ ሰምተናል፤ በአውቶቡስ ግን በሳምንቱ ወደ ደሴ መመለስ ይችላሉ? በግንባር ተደፍቶ መተኛት የሚባለውስ የግድ ነው?»

ምላሽ፦ ጋዝና ዘይት ከማማረጥዎ በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ዛሬውኑ ሐኪሙን «ማኩላው ተነስቷል ወይስ ገና ተጣብቆ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሬቲና ብርሃን የሚቀበለው ከዓይን ኳስ በስተኋላ ያለ ስስ ሽፋን ነው፤ ማኩላ ማለት የዚህ መሐል ነው፤ ፊደል የምናነብበት፣ ፊት የምንለይበት፣ ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቦታ። እቤትም መገመት ይቻላል፦ የአባትዎን ግራ ዓይን በመዳፍ ይሸፍኑና በቀኙ ብቻ የፊትዎን መልክ ይለዩ እንደሆነ፣ ትልልቅ ፊደል ያነቡ እንደሆነ ይዩ። የሚለዩ ከሆነ ማኩላው ገና አልተነሳም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የእፎይታ ሳይሆን የጥድፊያ ምልክት ነው። ማኩላው ሳይነሳ የደረሰ ዓይን በዛሬና በነገ፣ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት፤ ምክንያቱም የሚያተርፉት ያለውን ጥሩ እይታ ነው። ተነስቶ ከሆነ ጥድፊያው በአንድ ደረጃ ይቀንሳል፤ የመሐሉ እይታ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ በሦስት ቀን፣ ቢበዛ በሳምንት ውስጥ እንዲሠራ ይፈለጋል። ከዚያ ወዲያ የሬቲናው ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ምግብና ኦክስጅን ከሚያገኙበት ንብርብር ተለይተው በቆዩ ቁጥር የሚመለሰው እይታ ያንሳል።

የአባትዎ ሁኔታ ለምን እንደሚያስቸኩል ደግሞ ከጨለማው አቅጣጫ ይታወቃል። ዓይን ምስልን ገልብጦ ስለሚቀበል ከታች የሚወጣ ጨለማ ማለት የተላቀቀው የላይኛው ሬቲና ነው። ከአፍንጫ በኩል መምጣቱም ቀዳዳው በጆሮ ግንድ በኩል ነው ከተባለው ጋር ይገጥማል። ከላይ የተላቀቀ ሬቲና በስበት ምክንያት ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ማኩላውን ይደርስበታል። ከታች የተላቀቀ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ አባትዎ አይሩጡ፣ ሸክም አያንሡ፣ ከተማ ውስጥ በታክሲ አይንከራተቱ። ማኩላው ገና ካልተነሳ ሐኪሙ ቀዳዳው ባለበት ጎን ጋደም እንዲሉ ሊያዝዝ ይችላል፤ ይህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሚታዘዘው አተኛኘት ተቃራኒ ነውና እንዳይምታታባችሁ።

ለመሆኑ ምን ተፈጠረ? የዓይን ኳስ ውስጡ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚሆን፣ 99 በመቶው ውሃ በሆነ፣ የተቀረው ከቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች በተሠራ ዝልግልግ ነገር ተሞልቷል፤ ቪትረስ ይባላል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በሩቅ ማየት በሚቸግራቸው ሰዎችና የሞራ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ዓይን ደግሞ ቀደም ብሎ፣ ይህ ዝልግልግ ይቀጥንና ከሬቲናው ይላቀቃል። በአብዛኛው ሰው ላይ ያለ ጉዳት ያልፋል። ክሮቹ አጥብቀው የያዙበት ቦታ ካለ ግን ሲላቀቁ ሬቲናውን ይቀዱታል። ብልጭታው የክሩ ጉተታ ነው፤ ጥላሸት የመሰለው ከተቀደደው ቦታ የወጣ ደምና ቀለም ነው። ከዚያ በቀዳዳው ውሃ ይገባና ሬቲናውን ከግድግዳው ይገፈትረዋል፤ እርጥበት እንደገባበት የግድግዳ ወረቀት ተገፎ ይነሳል። ይህን ጠብታም፣ ኪኒንም፣ መነጽርም አይመልሰውም። ቀዳዳው መዘጋት አለበት፤ ይህን ነገር የስዊዘርላንዱ ዡል ጎናን ከመቶ ዓመት በፊት ሎዛን ውስጥ ካሳየ ወዲህ የቀጠለው ክርክር በምን መንገድ ይዘጋ የሚለው ላይ ብቻ ነው።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ጋዝ ብቻ በመርፌ ወደ ዓይን አስገብቶ ቀዳዳውን በብርድ ወይም በሌዘር ማጣበቅ ነው፤ ቀዳዳው አንድና ትንሽ፣ ከዓይኑ የላይኛው ክፍል የሆነ፣ በውስጡም ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ የሚታይ ሲሆን ይሠራል። ሁለተኛው ከዓይን ኳስ ውጭ የሲሊኮን ቀበቶ ወይም ቁራጭ ሰፍቶ ግድግዳውን ወደ ቀዳዳው ማስጠጋት ነው፤ ቪትረሳቸው ገና ላልተላቀቀ ወጣቶች ዛሬም የሚወደድ ሥራ ነው። ሦስተኛው ቪትሬክቶሚ፣ ማለት ቪትረሱን ከዓይን ውስጥ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ የጀርመን ተወላጁ ሮበርት ማኬመር በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ማያሚ ላይ የጀመረው። ለአባትዎ ሦስተኛው መመረጡ ተገቢ ይመስለኛል። ሌንስ የገባለት ዓይን ላይ የሬቲናው ዳርቻ ለመታየት ያስቸግራል፤ «አንድ ቀዳዳ» የተባለው ከውስጥ ሲታይ ሦስት ትናንሽ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በአውሮፓ ብዙ ማዕከላት ተባብረው ያካሄዱትና በ2007 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ውጤቱ የወጣ ጥናትም ሌንስ በገባላቸው ዓይኖች ላይ ቪትሬክቶሚ ሬቲናውን በአንድ ቀዶ ሕክምና ለማጣበቅ ከቀበቶው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

በቀዶ ሕክምናው ቀን የሚሆነው ይህ ነው። ማደንዘዣው በአብዛኛው በዓይን ዙሪያ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ አባትዎ ነቅተው ይሰማሉ፣ ግን አያማቸውም። ሥራው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ በጀርባ ተንጋሎ መቆየት መቻል አለባቸው። ሳል ካላቸው፣ ሽንት የሚያስቸኩላቸው ከሆነ፣ ስኳርና ደም ግፊት ካለባቸው አስቀድመው ይንገሩ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን በዚያ ጠዋት ይውሰዱ፤ አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ዓይኑ በ5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ይታጠባል፤ ይህ እርምጃ ኢንፌክሽንን ከሚከላከሉት ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነው። ከዚያ ከጥቁሩ ጠርዝ 3.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ (የተፈጥሮ ሌንስ ላለው 4 ሚሊ ሜትር) ሦስት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ አንዱ ለውሃ ማስገቢያ፣ አንዱ ለመብራት፣ አንዱ ለመቁረጫው። በዛሬ መሣሪያ የቀዳዳው ስፋት ከ0.6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

እዚህ ጋ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የውሃ ማስገቢያው ቱቦ ጫፍ በትክክል ወደ ዓይኑ ክፍት ቦታ መግባቱ በዓይን ሳይታይ ውሃ ከተከፈተ፣ ውሃው በግድግዳው ንብርብሮች መካከል ገብቶ ሌላ መላቀቅ ይፈጥራል። ጠንቃቃ ቀዶ ሐኪም ጫፉን ሳያይ አይከፍትም። ከዚያ መቁረጫው በደቂቃ ሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ቪትረሱን ቆርጦ ይመጥጣል። የመሐሉን ማውጣት ቀላል ነው፤ ሥራው ያለው ዳርቻው ላይ ነው። ረዳቱ ዓይኑን ከውጭ ጫን እያደረገ ዳርቻውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ክር እስኪያልቅ ይላጨዋል። ብርሃን አሳላፊ የሆነው ቪትረስ ስለማይታይ ነጭ ዱቄት የመሰለ የስቴሮይድ ፈሳሽ ተረጭቶ እንዲታይ ይደረጋል። የሬቲና ቀዶ ሕክምና ቶሎ ሲከሽፍ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ያልታየ ቀዳዳ ቀርቷል፣ ወይም በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ጉተታ አልተለቀቀም። ጋዝም ሆነ ዘይት እነዚህን ሁለቱን አይተካም። «ጋዝ ይሻላል፣ ዘይት ይሻላል» እያሉ የሚከራከሩ ዘመዶች ይህን ቢያውቁት ክርክራቸው ግማሽ በሆነ ነበር።

ቀጥሎ በዓይኑ ውስጥ ያለው ውሃ በአየር ይለወጣል፤ ከሬቲናው ኋላ የተጠራቀመው ውሃም በራሱ በቀዳዳው ይመጠጣል። አንዳንድ ሐኪሞች ለዚህ ከውሃ በእጥፍ ገደማ የሚከብድ ፈሳሽ ለጊዜው ያስገቡና ሬቲናውን ከመሐል ወደ ዳር እያስተኙ ውሃውን ይገፉታል፤ ይህ ፈሳሽ ሥራው ከማለቁ በፊት ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ሬቲናው ተኝቶ ሲደርቅ በቀዳዳው ዙሪያ ሁለት ሦስት ረድፍ ሌዘር ይተኮሳል። ሌዘር የሚይዘው ግን ሬቲናው ግድግዳውን በነካበት ቦታ ብቻ ነው፤ በውሃ ላይ የተተኮሰ ሌዘር ምንም አያጣብቅም። የሌዘሩ ጠባሳ ሙሉ ጥንካሬ የሚያገኘው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የጋዙና የዘይቱ ጥቅም የሚገባው እዚህ ነው፦ ጠባሳው እስኪጠነክር ድረስ ቀዳዳውን ደፍኖ ውሃ እንዳይገባ የሚያደርግ ጊዜያዊ ቡሽ ናቸው።

ቡሹ ጋዝ ከሆነ ምርጫው በዓይን ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ተራ አየር ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። ኤስኤፍ6 የሚባለው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ ሲ3ኤፍ8 የሚባለው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። ንጹሕ ሆነው ከገቡ የመጀመሪያው በእጥፍ፣ ሁለተኛው በአራት እጥፍ ይለጠጣሉ፤ ስለዚህ በቪትሬክቶሚ ጊዜ ከአየር ጋር ተቀላቅለው ኤስኤፍ6 በ20 በመቶ፣ ሲ3ኤፍ8 በ14 በመቶ አካባቢ ይገባሉ። በቅልቅሉ ላይ የሚደረግ ስህተት ቀላል አይደለም፤ የበዛ ጋዝ በማግስቱ የዓይን ግፊትን ሰቅሎ የዓይን ነርቭን ሊገድል ይችላል። በማግስቱ ጠዋት ያለው ምርመራ በምንም ምክንያት የማይቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቡሹ ዘይት ከሆነ ራሱ አይጠፋም፤ በሌላ ቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ። ዘይት ከውሃ ቀላል ስለሆነ እንደ ጋዝ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የታችኛውን ሬቲና በደንብ አይደግፍም። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሕመምተኛው ከቀናት በኋላ በዘይቱ ውስጥ ማየት ይችላል፣ ከፍታና አውሮፕላን አይከለከልም፣ አተኛኘት ላይ ትንሽ ቢሳሳት ይታለፋል። ጉዳቱም ግልጽ ነው። የዓይኑን ቁጥር ወደ ፕላስ ይገፋል፤ እስከ 5ና 6 ሊደርስ ይችላል። ሲቆይ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ተሰባብሮ የውሃ መውጫውን ይዘጋና ግላኮማ (የዓይን ግፊት ጨምሮ ነርቩን የሚጎዳ በሽታ) ያመጣል፤ ወደ ፊት ከመጣ የዓይኑን የፊት መስተዋት ያደበዝዛል። ከዘይት ጋር የሚመጣው ትልቁ ችግር ግን የሕክምና ሳይሆን የቀጠሮ ነው፦ ዓይኑ አያምም፣ ጥቂት ያያል፣ ደሴ ሩቅ ነው፣ የመውጫው ወር ያልፋል። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ሰው በግላኮማ ታውሮ ሲመጣ ሬቲናው ተጣብቆ መገኘቱ ብዙም አያጽናናም።

እንግዲህ ለአባትዎ የትኛው? ቀዳዳው ከላይ፣ ጉዳቱ ትኩስ፣ ሬቲናው ላይ ጠባሳ ገና ካልተፈጠረ፣ እኔ የምደግፈው አጭር ጋዝ ነው፤ ኤስኤፍ6፣ ሐኪሙ ካመነበትም አየር ብቻ። ለላይኛው ቀዳዳ ሲ3ኤፍ8ን ለሁለት ወር ማስገባት ትርፉ ጥቂት ነው። ውስጥ ሲገባ ብዙ ቀዳዳዎች ከተገኙ፣ ሬቲናውን የሚያኮማትር ጠባሳ ከታየ፣ ወይም ሌላኛው ዓይናቸው የማያይ ከሆነ ዘይት ይቀድማል። ጠባሳ ባለበት ዓይን ረጅሙ ጋዝና ዘይት ተቀራራቢ ውጤት እንዳላቸው አሜሪካ ውስጥ በ1992 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የታተሙ ትላልቅ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ ጊዜ ምርጫው የሚወሰነው አብዛኛውን በኑሮና በመንገድ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው በጠረጴዛው ላይ መሆኑንም ይወቁ፤ ለጋዝ ተስማምታችሁ ዘይት ቢገባ ሐኪሙ ቃሉን አላጠፈም።

አሁን ወደ አውቶቡሱ እንምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «አውሮፕላን ክልክል ነው» የሚለው ትእዛዝ ሰዉን «እንግዲያው በመኪና እሄዳለሁ» ወደሚል መደምደሚያ ይወስደዋል። ጋዝን የሚለጥጠው ግን አውሮፕላኑ ሳይሆን የአየር ግፊት መቀነስ ነው፤ ግፊት ደግሞ በተራራም ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። የደሴ መንገድ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 2,800 ሜትር ይወጣና ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ላይ እንደገና 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ጣርማ በር ድረስ የአየር ግፊቱ በአንድ አስረኛ ገደማ ስለሚቀንስ ጋዙም በዚያው መጠን ሊለጠጥ ይፈልጋል። ዓይኑ በጋዝ ከተሞላ ይህ 0.4 ሚሊ ሊትር ገደማ ተጨማሪ ቦታ ማለት ነው። ዓይን ደግሞ ፊኛ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ያነሰ መጠን እንኳ በድንገት ሲጨመርበት ግፊቱ ይሰቀላል። ግፊቱ ሲያይል ወደ ሬቲናው የሚሄደው የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል፤ እንዲህ የተዘጋ ሬቲና ከጥቂት ሰዓት በላይ አይታገሥም። በወረቀት ላይ ስናሰላው እንዲያውም የአውሮፕላን ክፍል አየር ከ2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ በላይ እንዳያልፍ ተደርጎ ስለሚጠበቅ፣ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ከጣርማ በር ይልቅ የሚቀልለው እሱ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያልኩት ግን እንድትበሩ አይደለም። አየር መንገዶች ዓይኑ ውስጥ ጋዝ ያለበትን ሰው አይጭኑም፣ የአውሮፕላኑ ግፊት ቢጓደል መመለሻ የለም። ያልኩት አውቶቡሱ የተፈቀደ መንገድ እንዳይመስላችሁ ነው።

ስለዚህ በሳምንቱ መመለስ አይቻልም። ኤስኤፍ6 ከገባ ጋዙ ጠፍቶ እስኪያልቅ፣ ማለት ሦስት ሳምንት ያህል፣ አዲስ አበባ መቆየት አለባቸው፤ የሚቀመጡበት ቤት ካለ ይህ ችግር ያልቃል። በዚሁ ጊዜ እንጦጦም እንዳይወጡ፤ ከከተማው በግማሽ ሰዓት መንገድ ስለሆነ ማንም እንደ ጉዞ አይቆጥረውም፣ ሰውም ለጸበል ብሎ ይሄዳል፣ ነገር ግን ከፍታው ከጣርማ በር አይተናነስም። በሆነ ምክንያት መንገድ ላይ ሆነው ዓይናቸውን ከታመማቸው፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መውጣቱን ማቆምና ወደ ዝቅተኛ ቦታ መመለስ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከሆኑ ወደ አዲስ አበባ ይዙሩ። መቆየት ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይንገሩት፤ ዘይትን የሚያስመርጥ በቂ ምክንያት ነው። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ጋዝ ገብቶላቸው ወደ አገር ለመብረር የሚያስቡ ዘመዶች ካሉ ደግሞ ጉዳዩ በጣም ይከፋል፤ ከባሕር ጠለል ወደ አውሮፕላን ክፍል ሲገቡ ጋዙ በሲሶ ያህል ይለጠጣል።

በግንባር ስለ መደፋት፦ ለሁሉም አይታዘዝም። ሕጉ አንድ ነው፤ ቀዳዳው ከሁሉ በላይ ሆኖ እንዲቀመጥ ራስን ማዞር። አረፋ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የማኩላ ቀዳዳ ያለበት ሰው ወደ መሬት ማየት አለበት፤ የአባትዎ ቀዳዳ ግን ከላይ በቀኝ ጆሮ ግንድ በኩል ስለሆነ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ የሚታዘዝላቸው ምናልባት ቀን ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ሌሊት በግራ ጉንጭ መተኛት ይሆናል። ሐኪሙ የሚያዘው ከዚህ ከተለየ የእሱን ይከተሉ፤ እሱ ውስጡን አይቷል። በሰዓት 50 ደቂቃ በታዘዘው አቋም ሆኖ 10 ደቂቃ ለመብላት፣ ለመጸዳጃና ለጠብታ ማረፍ፣ ለአምስት እስከ ሰባት ቀን። ጋቢ ጠቅልሎ ከጀርባ መደገፍ በእንቅልፍ መካከል መገልበጥን ይከላከላል። በጀርባ መንጋለል ግን ለጋዝ ተሸካሚ የተከለከለ ነው፤ አረፋው ወደ ፊት መጥቶ የዓይኑን ውሃ መውጫ ይዘጋል፣ የተፈጥሮ ሌንስ ላለው ሰው ደግሞ ሞራ ያፋጥናል።

ጋዝ ሲኖር እይታው የእጅ እንቅስቃሴ ከመለየት አያልፍም፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። አረፋው ሲቀንስ በላይ በኩል ጥርት ያለ ቀጭን ብርሃን ይከፈታል፤ ከሥሩ እንደ ብርጭቆ ውሃ የሚወዛወዝ መስመር ይታያል። መስመሩ በየቀኑ እየወረደ ሄዶ በመጨረሻ ከታች ትንሽ ጥቁር ክብ ብቻ ይቀራል፤ ሲጠፋ ድንገት ለሁለት ለሦስት ሊከፈል ይችላል። ይህ የተለመደ ነው። ያልተለመደው በፓራሲታሞል የማይታገሥ የሚጨምር ሕመም፣ ትውከት፣ መግል፣ ተከፍቶ የነበረው ብርሃን ተመልሶ መጨለም ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

ጠብታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ መድኃኒት ለሳምንት ያህል፣ የስቴሮይድ ጠብታ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ተጀምሮ በአራትና ስድስት ሳምንት እየቀነሰ የሚያልቅ፣ አንዳንዴም ብሌኑን የሚከፍት አትሮፒን ናቸው። ስቴሮይዱ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ስለሚያወጣ በራስ ፈቃድ ከፋርማሲ እየገዙ አለመቀጠል። በሁለት ጠብታ መካከል አምስት ደቂቃ ያርፉ፤ የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍቱን እንዳይነካ። ለሁለት ሳምንት ዓይኑ ውስጥ ውሃ አይግባ፤ ጸበሉን መጠጣት ወይም ሰውነት ላይ መረጨት ይቻላል፣ ዓይን ላይ ማፍሰስ ግን አይቻልም። ስግደቱን፣ ለሙስሊሞች ሱጁዱን፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ተቀምጦ መፈጸም ይሻላል፤ የሚከለክለው ማጎንበሱ ሳይሆን መነሣት መውደቁና ምጡ ነው።

አንድ ነገር በጋዝ ላለ ሰው ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ነው፦ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው የማደንዘዣ ጋዝ። ለሌላ ነገር፣ ለጥርስ ወይም ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ቢሰጣቸው ወደ አረፋው በፍጥነት ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳብጠዋል። «ዓይኔ ውስጥ ጋዝ አለ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አምባር ከሆስፒታሉ ይጠይቁ፤ ከሌለ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ አድርጉ።

የሚጠበቀውስ ውጤት? ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆኑ ዓይኖች በአንድ ቀዶ ሕክምና ይጣበቃሉ። ዘግይተው የሚከሽፉት አብዛኞቹ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ሬቲናውን የሚያኮማትር ጠባሳ ስለሚወጣባቸው ነው፤ ይህ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ይኖረዋል፣ በዚያን ጊዜ ዘይት የተለመደ ነው። ማኩላው ተነስቶ ከነበረ እይታው ለወራት ቀስ እያለ ይሻሻላል፤ ቀጥ ያለ መስመር የተጠማዘዘ ሆኖ ሊቀር ይችላል። መነጽር የሚለካው ጋዙ ጠፍቶ ዓይኑ ከተረጋጋ በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት የተገዛ መነጽር ብር ማባከን ነው።

ነገ ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ የሞራው ቀዶ ሕክምና የተደረገበትን ወረቀትና የሌንሱን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። የገባው ሌንስ ሲሊኮን ከሆነ የሲሊኮን ዘይት ሌንሱ ላይ ተጣብቆ እንቢ ስለሚል ከዘይት መራቅ ይመረጣል፤ የሌንሱ ከረጢት በሞራው ጊዜ ተቀዶ ከነበረም ዘይቱ ወደ ፊት እንዳይመጣ አይሪሱ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል) ላይ ከታች ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ሊያስፈልግ ይችላል። የተነገራችሁ ዋጋ ጋዙን፣ ሌዘሩንና፣ ዘይት ከገባ፣ የማውጫውን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጨምር እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ፤ ጋዙ በእጃቸው መኖሩንም ያረጋግጡ። ግራ ዓይናቸውም ብሌኑ ተከፍቶ ዳር እስከ ዳር ይታይ፤ በዚያ ላይ የሳሳ ቦታ ወይም ቀዳዳ ቢገኝ በሌዘር ብቻ፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ ይታጠራል።